ቅቤ ተቀብቼ ወደ ሰጠሙት መርከቦች

ከሆሳዕና ሰው ሻንጣ ይዞ ሲታይ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ደቡብ አፍሪካ ነው?» እኔ «የለም፣ ጅቡቲ ነው። የሰጠሙ መርከቦችን ለማየት ነው የምሄደው» ብዬ ስመልስ፣ ጴንጤ መሆኔን እያወቀ አፌን ለማሽተት ጠጋ ያለኝ ጎረቤት አልጠፋም። ከተመለስኩ በኋላ ደግሞ ይባስ ብሎ የልብስ ስፌት ቤቴ የወሬ ቤት ሆነ። ዩኒፎርም ሊለካ የመጣ ሁሉ እጁን እንደዘረጋ «እስቲ ንገረን» ይላል፤ እኔም እያወራሁ ስለካ የስንቱን ሱሪ አሳጠርኩት። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ባሕር የማትወርዱ በዚህ እዩት፤ የምትወርዱ ካላችሁም የትኛውን መርከብ ማየት እንደሚሻላችሁ እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

የመንገዱ ምክንያት ታናሽ እህቴ ዘነበች ናት። ጅቡቲ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ሆቴል ነው የምሠራው ትለን ነበር፤ እኛም አምነን ተቀምጠናል። በዚህ ክረምት ግን ከእናታችን ጋር በስልክ ስታወራ አመለጣት። «እማ፣ እኔኮ ጠላቂ ሆኛለሁ! አየር በጀርባዬ ተሸክሜ፣ እንግዶች ይዤ ባሕር ውስጥ እገባለሁ። የሰጠሙ መርከቦችን አስጎበኛለሁ» አለቻት። እናታችን ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ጓሮ እንሰቱ መሀል ገባች።

ለማያውቀን ሰው ይህን ላስረዳ። በእኛ ሰፈር የሰጠመ መርከብ የሚጎበኝ ነገር አይደለም። የሰጠመ ጀልባ ማለት ድንኳን ማለት ነው። ልጃቸው ወደ የመን ሲሻገር ጀልባ ሰጥሞበት፣ ሬሳ ሳይመጣላቸው ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች ከቤታችን ሩቅ አይደሉም። እናቴ እዚያ ድንኳን ውስጥ ከልጁ እናት ጎን ተቀምጣ ሰንብታለች። አሁን ደግሞ የራሷ ልጅ በገዛ ፈቃዷ፣ ያውም እየሳቀች፣ እዚያው ትገባለች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለችና የዘነበችን ስልክ ማንሳት ተወች። ለያሆዴ፣ ማለትም እኛ ሀዲያዎች ለመስቀል በዓላችን፣ ዓመቱን ሙሉ የምታጠራቅመውን ቅቤም ከድና አስቀመጠችው። «ዘንድሮ በዚህ ቤት ያሆዴ የለም» አለች። በሀዲያ ቤት ይህን ከመስማት ጣሪያው ተነቅሎ ቢወድቅ ይሻላል።

አንድ ማለዳ ግን አስጠራችኝ። እጇ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፤ ለጋ ቅቤ ሞልቶበታል።

«ሂድ» አለችኝ። «ይህን አናቷ ላይ አድርግላት። ውሃው ውስጥ ገብታ ስትወጣም በዓይንህ እይ። ‹ትወጣለች አሉ› ብለህ እንዳትመጣ፤ አንተ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ከዚያ ለያሆዴ ይዘሃት ና። ሳትይዛት ከመጣህ እኔ ልጄን እንደቀበርኩ ቁጠረው።»

ከዚያ እኔንም ቁጭ አድርጋ አናቴን በቅቤ አጥግባ መረቀችኝ። በእኛ ቤት ሩቅ የሚሄድም ከሩቅ የሚመጣም ሰው አናቱ ሳይቀባ አያልፍም። ይህች ቅቤ በኋላ ምን እንደምትሠራኝ ባውቅ ኖሮ ባርኔጣ አድርጌ እቀመጥ ነበር።

ሰኞ

እህቱን ሊያመጣ የሚሄድ ታላቅ ወንድም ዝም ብሎ አይሄድም፤ ሙሉ ልብስ ለበስኩ። ሱፍ ነው፣ የራሴ ስፌት፣ ገበሩ ድርብ። ሆሳዕና በጠዋት ብርድ ስለነበር ሁሉም «አምሮብሃል» አለኝ። ቡታጅራ ስንደርስ ፀሐይዋ በሚኒባሱ መስኮት ገባችና የእናቴ ምርቃት በአንገቴ በኩል መውረድ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ነጠላዋን ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ሰበሰበች። «ይቅርታ፣ እናቴ ናት» አልኳት። «ይታወቃል» አለችኝ።

ሞጆ ላይ ጋሽ ከድር ይጠብቁኝ ነበር። ጋሽ ከድር የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ነው ያረጁት። የመኪናቸውን የወንበር ልብስ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ «እሱ ላይ ተቀምጠህ ካልሄድክ ጥራቱን አታውቀውም» ብለው በነፃ ሊወስዱኝ ተስማምተዋል። ሱፉን ሲያዩ ከላይ እስከታች ገረመሙኝ።

«ሙሽራ ነህ እንዴ?»

«ለክብር ብዬ ነው፣ ጋሽ ከድር።»

«ክብሩ እስከ መተሐራ ነው የሚያደርስህ» አሉና ሞተሩን አስነሡ።

እውነታቸውን ነው፤ መተሐራ ላይ ኮቱ ወለቀ። ማታ አዋሽ አደርን። እራት ላይ ጋሽ ከድር አስተናጋጇን ጠርተው «እኔ እስላም፣ እሱ ክርስቲያን። በሥጋው ከምንለያይ ፓስታ አምጪልን» አሏትና ከአንድ ሳህን በላን። የሆሳዕናን ሰው በሙቀት የሚያስተኛው እንደሌለ ስላወቁም አልጋዬን ራሳቸው እየጎተቱ ግቢው መሀል አወጡልኝ። ሰማዩ ሁሉ ኮከብ ነበር። እኔ ግን ኮከቡን ትቼ ቅቤው የት እንደተቀመጠ ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ

ከገዋኔ እስከ ሰመራ ያለውን ነፋስ እንዴት ልንገራችሁ? እኔ የጋለ ካውያ ፊት ቆሜ ነው ያረጀሁት፤ በመስኮት የሚገባው እሱው ነው። በእኛ አገር አረንጓዴ ያልሆነ ነገር ለማየት ቤት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። እዚህ ደግሞ አረንጓዴው መኪናችን ብቻ ነበር።

«ጋሽ ከድር፣ ባሕር መጀመሪያ ሲያዩ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ቀመስኩት። ከዚያ ጨው የጨመረበትን ሰውዬ ልጠይቅ ዞር ብዬ ፈለግኩ።» ትንሽ ነዱና ደግሞ፣ «እህትህን አትጫናት፣ ታምራት። እኔ ወደቡ ላይ ስንቱን ልጃችንን አይቻለሁ፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። እሷ ግን ስትሄድ ቀና ብላ ነው» አሉ።

እኔ የተላክሁት ላመጣት ነው፤ ስለ አካሄዷ ማንም አልነገረኝም።

ረቡዕ

ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ፣ ፓስፖርቴን ካስመታሁ በኋላ አንድ ፈታሽ ሻንጣዬን ከፈተ። ከቅቤው ዕቃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ቢጫ ውሃ ይታያል።

«ይህ ምንድን ነው? ዘይት?»

«ቅቤ ነው። ለእህቴ አናት።»

ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ ቅቤው በጆሮዬ ሥር መንገድ ሠርቶ ነበር። «እናት ናት የላከችው?» አለ በአማርኛ። አዎ ስለው ክዳኑን ራሱ አጥብቆ ዘጋና በጨርቅ ጠቅልሎ መለሰልኝ። «ይዘኸው ተቀመጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተተው፤ ይፈሳል» ብሎ መክሮኝ አሳለፈኝ። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ግን ዘግይቷል። የኮቴ ገበር ድርሻውን ጠጥቶ ጨርሷል።

ጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ዘነበች ቆማ ስትጠብቀን ከሩቅ አላወቅኳትም። ጠቁራለች፣ ትከሻዋ ሰፍቷል፣ ፀጉሯን አሳጥራለች። ጋሽ ከድር እንዳሉት ቀና ብላ ነው የቆመችው። ሮጣ መጥታ አንገቴ ሥር ገባችና ማሽተት ጀመረች።

«ጋሼ፣ ሆሳዕናን ሆሳዕናን ትሸታለህ» አለች። ስትስቅ ቆይታ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደምደብቀው አላውቅም። ላም አለኝ በሰማይ ሆና የኖረችብን እህቴ እጄ ውስጥ ነበረች።

ማታ ዓሣ ጋበዘችን። ከራስ እስከ ጅራት ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ምድጃ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ነው። ከእሱ ጋር እንደ ቆጮ ሰፊ ሆኖ እንደ ቆጮ የማይጎተት ቂጣ ይቀርባል። ጋሽ ከድር አጥንቱን እየለቀሙ የሥጋውን ክፍል ወደ እኔ ይገፋሉ። ሆዴ ሲሞላ ወግ ያዝኩና የቅቤውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«አናትሽን አምጪ። እማ ልካለች።»

እጇን ዕቃው ላይ አድርጋ ቆየች፤ አልከፈተችውም። «አልችልም፣ ጋሼ። ነገ ውሃ አለብኝ። ቅባት ያለበት ራስ ላይ መነጽሩ አይዝም። ጎማውንም ያበላሻል። የአየር ጠርሙሱን አፍ ከነካ ደግሞ አደጋ ነው። እኛ ጋ ቅቤ ክልክል ነው።»

«የእናትሽ ቅቤ ክልክል ነው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ዓሣ ሻጩ ሳይቀር ዞረ።

«ውሃ በማልገባበት ቀን እቀባለሁ። እቤት ሄጄ፣ በእጇ።»

«እንግዲያው ለያሆዴ ነይ!»

«እመጣለሁ። ግን መጀመሪያ አንተ ከእኔ ጋር ትገባለህ። እማ ‹አየህ ወይ› ብላ ትጠይቅሃለች። አንተ ደግሞ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።»

የእናትና የልጅ ነገር እንዲህ ነው። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ ጆሮዬ ላይ ግን ተስማምተዋል።

ከዚያ ሦስቱን መርከቦቿን በዓሣ አጥንት ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አሳየችኝ። መርከቦቹ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እሷ ግን ለራሷ በእኛ በኩል ካሉ ከተሞች ሌላ ስም አውጥታላቸዋለች። ሦስተኛው፣ ሩቁና ጥልቁ፣ ሙዱላ ነው። «በጠዋት ካልተነሣህ አትደርስበትም፤ ደክሞህ ከደረስክ ደግሞ መመለሻው ይጨንቃል» አለች። ፈቃድ ላለውና ብዙ ለጠለቀ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጃጁራ ነው፤ በጎኑ የተኛ የጭነት መርከብ ነው። ዓሣው ልክ እንደ ጃጁራ ገበያ ሰው ይጋፋል፣ ይገፋፋል፣ ለማንም መንገድ አይለቅም። ትንሽ ለተለማመደ ሰው ከእሱ የሚበልጥ የለም ትላለች። የመጀመሪያው፣ ቅርቡና ጸጥ ያለው፣ ሌሎች መርከቦችን የሚጎትት ትንሽ መርከብ የነበረ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ነው።

«እሱስ ማን ይባላል?»

«ሞርሲቶ።»

ሞርሲቶ እናታችን የተወለደችበት ከተማ ነው። ሕፃናት ሳለን ለእረፍት የምንሄደው አያታችን ዘንድ፣ እዚያ ነበር። ጋሽ ከድር አጥንቱን መልቀም ተዉ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ስለ ቅቤው አልጮኽኩም።

ሐሙስ

የጀልባው ባለቤት ካፒቴን ሁሴን ናቸው። አማርኛን ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው የተማሩት፤ ስለዚህ ሲናገሩ ሁልጊዜ ጥሩምባ የሚነፉ ይመስላሉ። «ቶሎ በል! ልበስ! ጠጋ በል!»

የተሰጠኝን የጎማ ልብስ ገልብጬ አየሁት። ስለ ሙያ ልናገር፤ ስፌቱ እኛ ዓይነ ስውር የምንለው ነው፣ መርፌው ጨርቁን በስቶ አያልፍም፣ ቁልፍ የለውም። የሚያስደንቅ ሥራ ነው። አለባበሱ ግን ቋሊማ ከመሙላት አይለይም። ዘነበች ከኋላ እየጎተተች፣ ካፒቴኑ ከፊት እየገፉ አስገቡኝ። ሲያልቅ እጄን ማጠፍ አልቻልኩም፤ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ መነጽሩ መጣ። ዓይንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን ነው። ዘነበች ፊቴ ላይ አደረገችው፣ ለቀቀችው፣ ተንሸራቶ አገጬ ላይ ወረደ። እንደገና አደረገችው፤ እንደገና ወረደ። ማሰሪያውን አጠበቀችው፤ ይኼኔ ወደ ላይ ተፈናጥሮ ባሕር ውስጥ ገባ።

ካፒቴኑ ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «ይህ ሰውዬ ምን ሆኗል?»

ዘነበች አናቴን በጣቷ ነካች። «ጋሼ! አንተም ተቀብተሃል?»

ማታ ስለ ቅቤ ስንጨቃጨቅ የእሷን አናት እንጂ የራሴን አላሰብኩትም ነበር፤ እሷም ሽታው ከዕቃው መስሏት ነበር። ምን ላድርግ፣ እናቱ ቀብታው የመጣ ሰው ቅቤውን አይቆጥረውም፤ ራሱ ነው። ካፒቴኑ ግን ቆጠሩት። «ውረድ! ከጠርሙሱ ራቅ! ምንም እንዳትነካ!» እያሉ ከነጎማ ልብሴ ወደ ወደቡ አወረዱኝ። እዚያ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውኝ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አመጡ። አንዱ ሲያፈስ አንዱ ሲያሽ፣ ሊጠልቁ የመጡ ፈረንጆች ስልካቸውን አውጥተው ሲቀርጹኝ፣ ቀኑ አለቀ። ለጋ ቅቤ፣ ያውም የእናት፣ በቀላሉ አይለቅም። ማታ ካፒቴኑ መነጽሩን ሞክረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነገ» አሉ። ሲሄዱ ግን ተመልሰው የሎሚ ከረጢት ሰጡኝ። «በዚህ እሸው። የእኔም እናት እንዲህ ነበረች፤ እሷ ሰሊጥ ዘይት ነበር የምትቀባን።»

ዓርብ

ሎሚው ሠራ። መነጽሩ ፊቴ ላይ ቆመ። ጀልባው ላይ ሆነን ውሃ ከመግባቴ በፊት ልጸልይ አልኩና ጀመርኩ፤ ከሆሳዕና የተነሣሁበትን፣ መንገዱን፣ ጋሽ ከድርን፣ የመኪናውን ጎማ ሳይቀር አንሥቼ አመሰገንኩ። ካፒቴኑ መሐል ላይ «አሚን» አሉ። አልገባኝም፤ ቀጠልኩ። ሁለተኛ «አሚን!» ሲሉ ገባኝ።

«እዚህ ውስጥ ሰው ሞቷል?» አልኳት ዘነበችን ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከሆሳዕና ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ይህ ነው።

«በዚህ ማንም አልሞተም። አርጅቶ ነው፤ ሰዎቹ ወርደው ባዶውን ነው የሰጠመው። ሰው የሞተበት ጋ እንግዳ አልወስድም፤ ውሰጂን ሲሉኝም እምቢ ብያለሁ። እማ ይህን ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር። አልጠየቀችኝም።»

እጄን ያዘች፤ ወረድን። ጆሮዬን ሲወጋኝ አፍንጫዬን ይዤ እንዳስተማረችኝ ነፋሁ፤ ለቀቀኝ። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነበር፤ አሮጌ የሲንገር መኪና ሲረገጥ የሚያሰማውን ድምፅ ነው የሚመስለው። እሱ አረጋጋኝ። ከዚያ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ጥላ ታየ፤ ጥላው መርከብ ሆነ።

ሞርሲቶ አልተጋደመችም። አሸዋው ላይ ቀጥ ብላ፣ ሾፌሯ ለምሳ እንደወረደ መኪና ቆማለች። ብረቷን ባሕሩ አልብሷታል፤ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ እኔ ለየትኛውም ሙሽራ ደፍሬ ያልሰፋሁት ቀለም ነው። በመሪው ክፍል መስኮት ቢጫ ዓሦች ይገባሉ ይወጣሉ። እኔ ሰው ነበር የምፈልገው፤ አጥንት፣ ጫማ፣ አንድ ነገር። የለም። ቤት ነው ያየሁት፣ ሰው የሞላበት ቤት፤ ሰዎቹ ዓሣ ሆኑ እንጂ። ዘነበች በሩ ላይ ሆና በእጇ «ግባ፣ ተቀመጥ» የሚል ምልክት ሠራችልኝ፤ እናታችን እንግዳ ሲመጣ የምታደርገውን።

ደስታዬ ገንፍሎ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩላት፤ «በጣም ጥሩ ነው» ማለቴ ነው። ለካስ ውሃ ውስጥ አውራ ጣት ማለት «አውጪኝ» ነው። ወዲያው ብብቴ ሥር ያዘችኝና ቀስ እያለች ወደ ላይ ወሰደችኝ። እጄን ባወዛውዝ፣ ራሴን ብነቀንቅ፣ «አይዞህ» የሚል ዓይን ብቻ። ከፊቴ ሞርሲቶ ራቀች።

ጀልባው ላይ ወጥቼ ስረጋጋ እግሬ ላይ ካሰሩልኝ ሁለት የጎማ መቅዘፊያዎች አንዱ የለም። እታች ወድቋል። «መጣሁ» አለችና ዘነበች ብቻዋን ተመለሰች። ውሃው በላይዋ ተዘጋ።

የመጣሁበት ነገር ይህ ነበር። ገብታ ስትወጣ ማየት። ካፒቴኑ ውሃ ላይ የሚወጡትን አረፋዎች አሳዩኝ፤ «ያ እሷ ናት» አሉ። እኔ ዓይኔን ከአረፋው አልነቀልኩም። አረፋው ቆም ሲል ልቤ ይቆማል፤ ሲመጣ ትንፋሼ ይመጣል። ደቂቃ ይሁን ሰዓት አላውቅም። በዚያ መቀመጫ ላይ፣ በዚያ ፍርሃት፣ እናቴ ክረምቱን በሙሉ ተቀምጣ እንደከረመች ያኔ ገባኝ፤ ለእሷ ደግሞ አረፋውን የሚያሳያት ሰው አልነበረም።

ብቅ አለች። መቅዘፊያውን ከፍ አድርጋ እየሳቀች። «ምን ሆነሃል? ገረጣህሳ!» አለችኝ።

«ምንም» አልኩ። ጆሮዬ እንደቀላ ከሳቋ አወቅኩ።

ቅዳሜ እና ከዚያ ወዲያ

የጠለቀ ሰው ወዲያው ደጋ መውጣት የለበትም፤ ሰውነቱ ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ መውጣት አለበት ይላሉ። ስለዚህ ቅዳሜን በጥላ ሥር ተጋድመን አሳለፍን። ካፒቴን ሁሴን ከበዓሉ በኋላ ትመለሳለች በሚል ለዘነበች ፈቃድ ሰጧት። ባለቤታቸው ደግሞ ለእናታችን ተምር ጠቅልለው ላኩ። እሑድ ጋሽ ከድር ጭነታቸውን ይዘው መጡና ወጣን። የቅቤው ዕቃ መንገዱን ሁሉ ዘነበች ጭን ላይ ነበር። ከሞጆ ወዲያ ፈሳሹ መርጋት ጀመረ፤ ሆሳዕና ስንደርስ እንደ ተላከበት ጠጥሮ ነበር።

እናቴ በር ላይ ቆማለች። ዘነበችን ትታ መጀመሪያ እኔን ነው ያየችኝ።

«ገባች?»

«ገባች።»

«ወጣች?»

«ወጣች። እኔም ገብቼ ወጣሁ። መርከቧ ውስጥ ማንም አልሞተባትም፣ እማ። ስሟም ሞርሲቶ ነው።»

ጆሮዬን ግራና ቀኝ መረመረችው። ከዚያ ዘነበችን በሁለት እጇ ስባ ወደ ቤት አስገባቻት፤ ያ የተመለሰው ቅቤ ተከፈተ። ዘንድሮም በቤታችን ያሆዴ ነበር፤ ሥጋው፣ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካናው፣ ዘፈኑ። ጋሽ ከድርም የራሳቸውን ዶሮ አርደው ከነድስቱ ይዘው መጥተው በሉ። የዘነበች አጭር ፀጉር ከቅቤው በታች አይታይም ነበር።

እኔ ግን አንድ ስሕተት ሠራሁ። ለመሳቂያ ብዬ የሐሙሱን ጉዴን፣ መነጽሩን፣ ሳሙናውን፣ ሎሚውን፣ «ቅቤ የተቀባ ሰው ባሕር አይገባም» የሚለውን ሕግ ለእናቴ አወራኋት። አልሳቀችም። «እንዲህ ነው?» አለች ብቻ።

በማግስቱ ዘነበች ገና ሳትነሣ እናቴ አናቷ ላይ ቅቤ አደረገች። በሚቀጥለውም ቀን። በሚቀጥለውም። «እማ፣ ትናንት ተቀብቻለሁ እኮ!» ስትል «ደርቋል፣ ትንሽ ብቻ» ትላለች። የዓመቱ ቅቤ በዚህ አናት ላይ አለቀ፤ ከጎረቤት ተበደረች። ካፒቴን ሁሴን በስልክ «መቼ ነው?» ሲሉ ዘነበች ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች፤ እኔም ወደ ስፌት ቤቴ እሸሻለሁ። ትቶ መሄድ ለእሷ ቀላል ነበር፤ ተነሥታ መኪና መሳፈር ነው። ግን ያንን ቅቤ ታጥቦ ለመሄድ እናትን «በቃ» ማለት ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ማናችንም አልቻልንም።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ቤት ስደርስ ከጓሮ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ዘነበች እንሰቱ ጥላ ሥር ጎንበስ ብላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሙቅ ውሃ በጣሳ እየጨለፈች ታጥባታለች። ከጎኗ ተሰንጥቆ የተጨመቀ ሎሚ ወድቋል። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ፣ አንዲት ጠብታ ቅቤ እንዳትቀር በጣቷ ጫፍ እየፈለገች ታሻለች።

«ቀና በይ» አለቻት። «በደንብ ይልቀቅ፤ መነጽሩ እንዳይንሸራተትብሽ።»

ዘነበች ቀና አለች። እናቴ የመጨረሻውን ጣሳ አፈሰሰችላትና ፊቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችላት።

«ሞርሲቶን ሰላም በይልኝ» አለቻት።